«ፍላቮኖይድ አለው» ከሚለው ቃል በስተጀርባ፦ በብርብራ ዘር ላይ የተጻፉ ጥናቶች ሲመረመሩ

የብርብራ ዛፍ በዕፅዋት ሳይንስ መዝገብ ሚለቲያ ፌሩጂኒያ ይባላል። ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ የማይገኝ ሲሆን ሁለት ንዑስ ዝርያዎች አሉት። የሰሜኑ ንዑስ ዝርያ የዛፉን ዋና ስም ይደግማል፤ የደቡቡ ግን «ዳራሳና» ተብሎ ተመዝግቧል። ዳራሳ በዘውዱ ዘመን የጌዴኦ ሕዝብና አውራጃው በመንግሥት ወረቀት ላይ ይጠሩበት የነበረ ስም ነው። ስሙ ከአስተዳደር መዝገብ ከወጣ ብዙ ዓመታት ቢያልፉም በላቲኑ የዕፅዋት ስም ውስጥ እስከ ዛሬ ይኖራል። ስለዚህ በዲላ፣ በወናጎ፣ በይርጋ ጨፌና በኮቸሬ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ ስለ ብርብራ ዘር የተጻፈ የኬሚስትሪ ጥናት ስለ ሩቅ አገር ዕፅ የሚናገር አይደለም፤ ከጤና ጣቢያው አጥር ማዶ ስለቆመው ዛፍ የሚናገር ነው።

ብርብራ በጌዴኦ ከቡናና ከእንሰት ጋር አብሮ የሚኖር የጥላ ዛፍ ነው። ከአተርና ከባቄላ ቤተሰብ በመሆኑ አፈሩን በናይትሮጅን ያዳብራል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረው የጌዴኦ መልክዓ ምድር የተገነባውም እንዲህ ባሉ ዛፎች፣ በእንሰትና በቡና ንብርብር ነው። ጠፍጣፋው የዘር ቅርፊት በበጋ ሲደርቅ እየጮኸ ይፈነዳና ዘሩን በግቢው ውስጥ ይበትናል። ዘሩ ተወቅጦ ወደ ወንዝ ሲጣል ዓሣ የሚያደነዝዝ መሆኑ በኢትዮጵያ በብዙ አካባቢዎች ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል። ከዚህም ሌላ ለተባይ ማጥፊያነት ያገለግላል፤ ተፈጭቶና ከቅቤ ወይም ከማር ጋር ተለውሶ ለቆዳ ሕመም እንደሚቀባም የባህል መድኃኒት ዝርዝሮች ይጠቅሳሉ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ስለዚህ ዘር የኬሚስትሪ ይዘት ከሰማንያ ዓመታት በላይ ሲጻፍ የቆየው ሥራ ለታካሚና ለሐኪም ምን አበረከተ? መልሱ ሁለት ገጽ አለው። ኬሚስቶቹ ሥራቸውን ሠርተዋል። ሥራቸውን ጠቅሰው ስለ መድኃኒትነት የጻፉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ዋናውን ነገር አልፈውት ሄደዋል።

ከቀደምቶቹ ጽሑፎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ ኬሚስቶች ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣው የክላርክ ጥናት ነው። ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነበር። ሮቴኖን የተባለው ፀረ-ተባይ የሚገኝበት የዴሪስ ሥር በብዛት ይበቅልባቸው የነበሩት የሩቅ ምሥራቅ አገሮች በጃፓን እጅ ወድቀዋል። ክላርክ በብርብራ ዘር ውስጥ ሮቴኖንና ተዛማጆቹ፣ ማለትም ዴጉሊንና ቴፍሮሲን የተባሉት ውህዶች እንደሚገኙ አሳየ። ጽሑፉ አጭርና ደረቅ ነው፤ ስለ ሕክምና አንዳች ቃል አይናገርም። ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ነው፤ ዘሩ ወደ ዘመናዊው ሳይንስ የገባው በመርዝነቱ እንጂ በመድኃኒትነቱ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ይህን የልደት የምስክር ወረቀት ብዙ ጊዜ ሳያነቡት ያለፉ ይመስላል።

ሁለተኛው ትልቅ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ፋይቶኬሚስትሪ በተባለው መጽሔት የወጣው የኤርምያስ ዳኜ፣ የአፈወርቅ በቀለና የፒተር ዋተርማን ጥናት ነው። ጥናቱ ሁለቱን ንዑስ ዝርያዎች ጎን ለጎን አቅርቦ የመረመረ በመሆኑ ለጌዴኦ አንባቢ ልዩ ዋጋ አለው። ብዙ ጸሐፊዎች «ብርብራ» ብለው በአንድ ስም የሚያልፉትን ዛፍ ሁለት አድርጎ ማየት በራሱ ትምህርት ነው። በጎጃም ወይም በጎንደር ከተሰበሰበ ዘር የተገኘ ውጤት ሳይመረመር ወደ ወናጎ ሊሻገር እንደማይገባ የሚያስታውስ አካሄድ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል በዚያ ዘመን የተሠሩት እንዲህ ያሉ ጥናቶች በጥቂት መሣሪያ ብዙ የለፉ ሰዎች ሥራ በመሆናቸው ክብር ይገባቸዋል።

ሆኖም የዚሁ ጽሑፍ ርእስ ኬሚስት ላልሆነ አንባቢ ወጥመድ አለው። ርእሱ ስለ ሚለቲያ ፌሩጂኒያ «ፍላቮኖይዶች» ይናገራል። አነጋገሩ በኬሚስትሪ ሕግ ፍጹም ትክክል ነው፤ ሮቴኖንና ዘመዶቹ በአጥንታቸው ከኢሶፍላቮኖይድ ወገን ናቸውና። ችግሩ ያለው የጤና ባለሙያው ይህን ቃል የሚያውቀው በሌላ ፊቱ መሆኑ ላይ ነው። ፍላቮኖይድ ሲባል ሻይ፣ ሽንኩርትና ብርቱካን፣ እንዲሁም የልብ ጤናና «አንቲኦክሲዳንት» የሚለው የማስታወቂያ ቋንቋ ትዝ ይለዋል። በአንድ ቃል ጥላ ሥር የሻይ ቅጠልና የዓሣ መርዝ አብረው ተቀምጠዋል ማለት ነው።

ይህ ወጥመድ ሙሉ በሙሉ የሚታየው ከዚያ ወዲህ በተበራከቱት «የመጀመሪያ ደረጃ የፋይቶኬሚካል ምርመራ» በሚባሉት ጽሑፎች ውስጥ ነው። የእነዚህ ጽሑፎች አሠራር ይታወቃል። ዘር ወይም ቅጠል ይፈጫል፣ በሜታኖል ይዘፈዘፋል፤ አረፋ ከወጣ ሳፖኒን፣ በድራገንዶርፍ ፈሳሽ ዝቃጭ ከታየ አልካሎይድ፣ በፌሪክ ክሎራይድ ቀለሙ ከጠቆረ ታኒን አለ ይባላል። በመጨረሻም የመደመርና የመቀነስ ምልክቶች የሰፈሩበት ሰንጠረዥ ይቀርባል። ከሰንጠረዡ ቀጥሎ የሚመጣው አንቀጽ ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ሲገለበጥ የኖረ ያህል አንድ ዓይነት ነው፤ «እነዚህ ንጥረ ነገሮች መገኘታቸው የዕፁን ባህላዊ አጠቃቀም ይደግፋል» ይላል።

ይደግፋል? የመደመር ምልክት መኖርን እንጂ መጠንን አይናገርም። ዓይነትንም በወጉ አይናገርም። አልካሎይድ የሚለው ቃል ካፌይንንም ሞርፊንንም፣ በአስተናግር ዘር ውስጥ ያለውን አትሮፒንንም ያጠቃልላል። እንዲህ ካለው ሰንጠረዥ ተነሥቶ አንድን የሕክምና ልማድ «ተደገፈ» ማለት፣ በአንድ ቤት ውስጥ ሰው መኖሩን ሰምቶ ሰውየው ሐኪም ነው ብሎ እንደ መመስከር ነው።

ሌላው ጉድለት የማሟሟቱ ጉዳይ ነው። ሮቴኖን በውሃ እምብዛም አይሟሟም፤ በአሴቶንና በክሎሮፎርም ግን በደንብ ይሟሟል። የመንደሩ ባለ መድኃኒት ሜታኖልም ክሎሮፎርምም የለውም፤ ያለው ውሃ፣ ማርና ቅቤ ነው። ስለዚህ በቤተ ሙከራው ጠርሙስ ውስጥ ያለውና በመንደሩ ዋንጫ ውስጥ ያለው አንድ ነገር አይደለም። ይህ ልዩነት አንዳንድ ጊዜ ለታካሚው ይጠቅማል፤ ዘሩ በውሃ ሲዘፈዘፍ የሚወጣው የሮቴኖን መጠን አነስተኛ ሊሆን ይችላልና። ዱቄቱ ሳይጠል አብሮ ከተጠጣ ግን ይህ ጥበቃ አይኖርም። ቅቤ ሲጨመርማ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቅባት ሮቴኖን ወደ ሰውነት እንዲገባ ያግዛል። ከቅቤ ጋር ተለውሶ በቆሰለ ቆዳ ላይ የሚቀባ ዱቄት፣ በተለይም በሕፃን ገላ ላይ ሲሆን፣ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ይህ ነበር። የዘሩን ጥቅም የሚዘረዝሩ ጽሑፎች ቅቤውን የሚጠቅሱት እንደ ማለስለሻ ብቻ ነው። በመንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ለውጥ አለ፤ ሮቴኖን በፀሐይ ብርሃንና በአየር እየተበላሸ የሚሄድ ውህድ ስለሆነ፣ ትናንት የተፈጨና ለወራት በቆርቆሮ ላይ ተሰጥቶ የከረመ ዱቄት እኩል ኃይል የላቸውም። «አንድ የሻይ ማንኪያ» የሚለው መጠን እንዲህ ባለው ዘር ላይ ትርጉም ያጣል።

ዓሣውን የበላ ሰው አለመታመሙ ብዙ ጊዜ ለዘሩ ደኅንነት ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። እውነታው ትክክል ነው፤ መደምደሚያው ግን አይደለም። ዓሣ ሮቴኖንን በስንጥቡ በኩል ቀጥታ ወደ ደሙ ስለሚያስገባ በአንድ ሊትር ውሃ ከ1 ሚሊ ግራም እጅግ ባነሰ መጠን ይሞታል። ዓሣውን የሚበላው ሰው የሚያገኘው እዚህ ግባ የማይባል ቅሪት ነው፤ እሱም በእሳት ይዳከማል፣ በአንጀት በኩል የሚያልፈው ጥቂት ነው፣ ያንኑም ጉበት ይሰባብረዋል። ዘሩን ራሱን የዋጠ ሰው ሁኔታ ከዚህ ጋር አይነጻጸርም።

እ.ኤ.አ. በ1986 ከቤልጂግ የታተመ አንድ የሕግ ሕክምና ዘገባ ይህን በግልጽ ያሳያል። አንዲት የ3 ዓመት ተኩል ልጅ ሮቴኖን ያለበት ፈሳሽ ፀረ-ተባይ ጠጥታ አስመለሳት፣ ደነዘዘች፣ ራሷን ሳተች፣ በሰዓታት ውስጥም ሕይወቷ አለፈ። የዋጠችው መጠን በኪሎ ግራም ክብደቷ 40 ሚሊ ግራም ገደማ እንደሆነ ተገምቷል። ከዚያ በፊት በመጻሕፍት ይጠቀስ የነበረው ለሰው ገዳይ መጠን ከ300 እስከ 500 ሚሊ ግራም በኪሎ ነበር። ከእንስሳት ሙከራ ወደ ሰው የተሸጋገረ ግምት ምን ያህል ሊስት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

በባክቴሪያ ላይ የሚደረገው ሙከራም እንዲሁ ሊታይ ይገባል። በሳሕን ላይ በተዘራ ባክቴሪያ መካከል በዘሩ ጭማቂ የተነከረ ክብ ወረቀት ይቀመጥና ባክቴሪያው ያልበቀለበት ክበብ በሚሊ ሜትር ይለካል። ውጤቱ «ተስፋ ሰጪ» ተብሎ ይታተማል። ነገር ግን ሮቴኖን የሚሠራው በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ኮምፕሌክስ አንድ በሚባለው የመተንፈሻ ሰንሰለት መግቢያ ላይ ነው። ሴሉ ኦክስጅን እያለው ኃይል ማመንጨት ይሳነዋል፤ ላክቲክ አሲድ ይከማቻል። ይህ ሰንሰለት በነፍሳትም፣ በዓሣም፣ በሰውም ዘንድ በመሠረቱ አንድ ነው። ስለዚህ ዓሣን፣ ነቀዝንና ምስጥን የሚገድል ዘር ባክቴሪያንም ቢጎዳ የሚያስገርም አይደለም። መድኃኒት የሚያሰኘው መግደሉ ሳይሆን መርጦ መግደሉ ነው። የባክቴሪያው ክበብ ከሰው ሴል ጉዳት ጎን ለጎን ካልተለካ ቁጥሩ ለሐኪም አይናገርም።

«በአይጥ ላይ ተሞክሮ ጉዳት አላሳየም» የሚለው ዐረፍተ ነገርም ጥንቃቄ ይሻል። የተለመደው ሙከራ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ለ14 ቀናት ክትትል የሚደረግበት ነው። ዘገምተኛ የነርቭ ጉዳት በዚህ ጊዜ ውስጥ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2000 በአትላንታ የኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሮቴኖን ለሳምንታት በደም ሥር ያለማቋረጥ የተሰጣቸው አይጦች የፓርኪንሰን በሽታን የሚመስል የአእምሮ ሴል ጉዳት እንዳሳዩ አሳተሙ። በደም ሥር መስጠትና በቆዳ መቀባት አንድ አይደሉምና ከዚህ ብቻ ተነሥቶ ወደ ጌዴኦ መንደር መዝለል ስሕተት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ጥናት ግን በሰው ላይ ነበር። በአሜሪካ የአይዋና የሰሜን ካሮላይና ገበሬዎችና ፀረ-ተባይ ረጪዎች ከነትዳር ጓደኞቻቸው ተጠንተው፣ 110 ሕሙማን ከ358 ጤነኞች ጋር ሲነጻጸሩ፣ ሮቴኖን የተጠቀሙት በፓርኪንሰን የመያዝ ዕድላቸው 2.5 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ዝምድና ምክንያት ነው ማለት ባይሆንም ከቤተ ሙከራው ግኝት ጋር መግጠሙ ቀላል ነገር አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ሮቴኖንን ከተፈቀዱ ፀረ-ተባዮች ዝርዝር ውጭ አድርጎታል። በአሜሪካም ዓሣን ከማስወገድ ሥራ በስተቀር የግብርና አገልግሎቱ ቆሟል።

ኬሚስትሪ ለሕክምና የማይረባ ነው የሚል መደምደሚያ ከዚህ ሁሉ የሚወጣ አይደለም። የእንዶድ ታሪክ ተቃራኒውን ያስተምራል። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ጥያቄው የተወለደው በወንዙ ዳር ነው፤ ኬሚስትሪው ጥያቄውን ተከትሎ መጣ። በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒንም ተለይቶ በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። ይሁን እንጂ እንዶድ የቢልሃርዝያ መከላከያ ሆኖ እንዳይስፋፋ ለብዙ ዓመታት ከያዙት ነገሮች አንዱ የመርዛማነቱ መረጃ በሚፈለገው ደረጃ አለመሟላቱ ነበር። ቀንድ አውጣን ለመግደል የታሰበ ዕፅ፣ ሰው የማይጠጣው ዕፅ፣ ይህን ያህል ከተጠየቀ በሕፃን ገላ ላይ የሚቀባ ዘር ምንም አለመጠየቁ እንግዳ ነገር ነው።

የጉሎ ዘርም ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ዘይቱ ለማስቀመጫነት ያገለግላል፤ ሪሲን የተባለው ገዳይ ፕሮቲን ግን በፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። በአንድ ዘር ውስጥ መድኃኒትና መርዝ ተለያይተው መቀመጣቸውን ያስታወቀ ኬሚስትሪ ለሐኪም ጠቃሚ ኬሚስትሪ ነው። ከኮንሶ ደረቅ ምድር በመጣውና ዛሬ በየገበያው በሚሸጠው ሽፈራውም እንዲሁ ነው። ውሃ የሚያጠራው የዘሩ ፕሮቲን፣ የሚበላው ዘይቱና ምሬት የሚሰጡት ግሉኮሲኖሌቶች የየራሳቸው ሥራ ያላቸው ናቸውና «የሽፈራው ዘር ጥቅም» ተብሎ በአንድ ከረጢት አይታሰሩም። የበረሃና የቆላ ዕፅዋት «ኃይለኛ» ናቸው በሚል ዝና ብቻ ከከተማ ከተማ የሚዞሩ ዘሮች ሁሉ በዚህ ዐይን ሊታዩ ይገባል።

በጌዴኦ ዞን ላይ የተሠሩት የባህል መድኃኒት ዕፅዋት ጥናቶች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው የወናጎ ወረዳ ጥናት፣ የሚጠፋ እውቀትን ከመጥፋት ያዳኑ ናቸው። ዓላማቸው መመዝገብ ነው፤ መዝገብ ግን የሐኪም ትእዛዝ ወረቀት አይደለም። ጥፋቱ የሚመጣው በሌላ ቦታ ያለ ጸሐፊ ከእንዲህ ያለ መዝገብ አንድ መስመር፣ ከኬሚስቱ ሰንጠረዥ አንድ የመደመር ምልክት ወስዶ ሁለቱን «ስለዚህ» በሚል ቃል ሲያጋባቸው ነው።

በድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነገሩ ወደ ተግባር ይወርዳል። የሚያስመልሰው፣ የደነዘዘ፣ በፍጥነትና በጥልቀት የሚተነፍስ ሕፃን ሲመጣ በካርዱ ላይ «የባህል መድኃኒት ወስዷል» ተብሎ መጻፉ ለማንም አይጠቅምም። የትኛው ዕፅ፣ የትኛው ክፍሉ፣ በምን ተለውሶ፣ በምን ዕቃ ተለክቶ፣ ተቀብቶ ነው ወይስ ተጠጥቶ፣ ከስንት ሰዓት በፊት የሚለው መጠየቅ አለበት። ጥያቄው የወቀሳ ድምፅ ካለው ቤተሰብ ይደብቃል። «እናቴ፣ ምን ቀባችሁት?» ብሎ በአክብሮት የጠየቀ ነርስ ከላቦራቶሪው ቀድሞ መልስ ያገኛል። ብርብራ ከተጠረጠረ ማርከሻ የሚባል መድኃኒት የለም፤ ሕክምናው አየር መንገድን መጠበቅ፣ አተነፋፈስን መደገፍ፣ የደም ስኳር መለካትና ዝቅ ካለ ማስተካከል፣ የሰውነት መንቀጥቀጥን መቆጣጠር፣ የደም አሲድነትን መከታተል ነው። ታካሚው ፈጥኖ ከደረሰና ራሱን ካልሳተ የመድኃኒት ከሰል ሊሰጥ ይችላል። የተቀባው ገላ በሳሙናና በብዙ ውሃ ይታጠባል። ወተት ወይም ቅቤ ለተመረዘ ሰው ማጠጣት በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ቅባት ሮቴኖን ወደ ሰውነት እንዲገባ ስለሚረዳ እዚህ ላይ ሊከለከል ይገባል። ከኦርጋኖፎስፌት መመረዝ ጋር እንዳይምታታም ማስተዋል ያሻል። ምራቅ መዝረብረብ፣ ላብ፣ የዐይን ብሌን መጥበብ በዚያኛው የሚጠበቁ ምልክቶች ናቸው፤ አትሮፒን ለሮቴኖን ማርከሻ አይሆንም።

የብርብራ ዘር ነገር በግብርናውም በኩል ወደ ጤና ባለሙያው እየቀረበ ነው። በጌዴኦና በሲዳማ እንሰትን ከሥሩ የሚያደርቀውን ነጭ ተባይ ለመከላከል በዘሩ ጭማቂ ላይ ሙከራዎች ተደርገው ተባዩን እንደሚገድል ተዘግቧል። ለገበሬው ርካሽ ነው፣ ከደጁ ይገኛል፣ ከፋብሪካ መርዝ ይሻላል የሚለው ክርክርም ሚዛን የሚደፋ ነው። በእነዚህ ሙከራዎች የሚለካው የሞተ ተባይ ቁጥር ነው። ሮቴኖን በአፍ ከሚገባው ይልቅ በአቧራ መልክ ሲተነፈስ የበለጠ እንደሚመርዝ፣ ዐይንንና ቆዳንም እንደሚያስቆጣ ይታወቃል፤ ስለዚህ ለምክር አገልግሎት የሚዘጋጀው ወረቀት ዘሩን የሚፈጨው ሰው አፍና አፍንጫውን በጨርቅ እንዲሸፍን፣ ዘሩ ለምግብ በማይውል ሙቀጫ እንዲወቀጥ፣ ዱቄቱም ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ እንዲቀመጥ የሚል መስመር ከተባዩ ቁጥር ጎን ሊይዝ ይገባል። ያን መስመር ለመጻፍ የሚያስፈልገው እውቀት እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ ታትሞ አለ።